የኔታ እስኪያቆሙ

ሳቁ የጀመረው ከኋላ ወንበር ነው። ዝማሬ መጀመሪያ የራሷ ቀልድ ዘግይቶ የገባው ተማሪ መስሏት ነበር፤ እንዲህ ያለ ተማሪ በየክፍሉ አንድ አይጠፋም። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ውስጥ ፎቅ ላይ ጥቂት ክፍሎች ተከራይቶ በሚሠራ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። የዛሬው ትምህርት ማለቂያ የሌለው ሉፕ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አንድን ነገር እየደጋገመ እንዲሠራ ታዞ፣ የት ላይ እንደሚያቆም ሳይነገረው ሲቀር የሚሆነው። ለማሳያ «ሰላም» የሚል ቃል እንዲጽፍ አዘዘችው። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሰላም በሰላም ሆኖ ሽቅብ ይሮጥ ጀመር፤ የአሮጌው ማሽን ማራገቢያም እንደ ወፍጮ እያጓራ ክፍሉን ሞላው። ተማሪዎቹ ተበላሸ ብለው ሲደነግጡ አልተበላሸም አለቻቸው። እንደ ማሽን ታዛዥ የለም፤ ጥፋቱ መቆሚያውን ሳይጽፍለት የሄደው ሰው ነው። ከዚያ በየዓመቱ የምትነግረውን ቀልድ ነገረቻቸው። ሁለት የጎንደር ሽማግሌዎች የሰርግ ቤት በር ላይ ተገናኙ። አንዱ እርስዎ ይቅደሙ አለ። ሌላው ኧረ በማርያም፣ እርስዎ ይቅደሙ አለ። ሁለቱም ሌላው እስኪገባ እጠብቃለሁ እንዳሉ ሰርጉ አለቀ፣ ዳሱ ፈረሰ፣ ሙሽሮቹ ወልደው ልጃቸውን ክርስትና አስነሱ፤ ሽማግሌዎቹ እዚያው በር ላይ ናቸው።

ክፍሉ ስቋል። የኋላው ሳቅ ግን ከቀልዱ በኋላም አልቆም አለ፤ አፍን በእጅ አፍኖ የሚሳቀው ዓይነት ነው። ምንድን ነው ብላ ስትጠጋ፣ ከትክል ድንጋይ ከተማ የመጣው ሰውአገኝ የሚባል ተማሪ ስልኩን ሊደብቅ ቃጣውና ተወው። የእርስዎ ሽማግሌዎች ምን አላቸው ቲቸር፣ የእኚህ ይብሳል ብሎ አቀበላት። ቪዲዮው ባለፈው ወር ንግሥ ላይ የተቀረጸ ነው። ታቦቱ ወጥቶ ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ወረብ ይወርባሉ። ወረብ በዝግታ ይጀመራል፤ ከበሮው ቀስ በቀስ ይጠብቃል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ሲሞቅ ይጨረስና መሪው ቀጣዩን ያነሳል። መቼ እንደሚበቃ የሚወስነው መሪው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ያያል። እዚህ ቪዲዮ ላይ መሪው የሞቀውን ጨረሱና ቀጣዩን በማንሳት ፈንታ ወደዚያው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ከበሮው ቀዘቀዘ፤ ሰልፉም አብሯቸው ተመለሰ። እንደገና ሞቀ፣ አለቀ ሲባል እንደገና ተመለሱ። ከሥሩ አንዱ «መሪጌታው ሉፕ ውስጥ ገቡ» ብሎ ጽፎበታል፤ ሌላው «ሪስታርት አድርጓቸው» ብሏል። እውነቱን ለመናገር ዝማሬም ፈገግ ብላ ነበር። መሪው ፊታቸውን ወደ ቀራጩ ሲያዞሩ ፈገግታዋ እፊቷ ላይ ደረቀ። አባቷ ናቸው።

ለማንም አልተናገረችም። ላክልኝ ብቻ አለችው ሰውአገኝን። እሱም ቲቸር የወደደችለት መስሎት ደስ ብሎት፣ ዛሬ የደብሩ ዋዜማ እንደሆነ፣ ከትምህርት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሄደው እንደሚቀርጹ፣ ምናልባት ዛሬም ይደግሙ ይሆናል ብሎ ተስፋ እንደሚያደርግ አጫወታት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰው እንደሚጎዳ እንኳ ያልታሰበው የዋህ ነው። እሷን ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ተቆጥታው ይወጣላት ነበር። ትምህርቱን ሳትጨርስ ማሽኖቹን አስዘጋችና ወጣች። ዋዜማው ስምንት ሰዓት ላይ ይቆማል፤ ማኅሌቱ ይጀመራል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አባቷን ከዚያ ሰልፍ ፊት ማስቀረት አለባት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያከበራቸው ከተማ ከሰዓት በኋላ ስልክ ደግኖ ሊስቅባቸው ተሰናድቷል፤ እሳቸው ደግሞ ምንም አያውቁም።

ባጃጁ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ከማክሰኝት ገበያ ስለሚመጣው ጤፍ ዋጋ ከሹፌሩ ጋር ይከራከራሉ፤ ሹፌሩ ደግሞ ነዳጅ ለመቅዳት ሌሊት ሲሰለፍ ማደሩን እያነሳ ሁሉም ነገር የሚወደደው በነዳጅ ነው ይላል። ዝማሬ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታ ደግማ አየችው። አሁን የምታየው አባቷን ሳይሆን ሰልፉን ነው። አባቷ ወደ መጀመሪያው በተመለሱ ቁጥር የሰልፉ ሰዎች ፊት አይለወጥም። አይተያዩም፣ አያመነቱም። አንድም ሰው አልደነገጠም። እንግዳ ነገር ያልሆነበት ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ስለዚህ ወላጆቿ ቤት ከመግባቷ በፊት ወደ ቀኝ ጌታ ገብረ ኢየሱስ ሱቅ ጎራ አለች። ቀኝ ጌታ የቀኙን ረድፍ የሚመሩ፣ ከአባቷ ቀጥሎ ያሉ ሰው ናቸው። በደብሩ አጥር ሥር ጧፍ፣ ጃንጥላና የሕፃናት ክር ይሸጣሉ። ሱቋ አንድ ሰው ሲገባባት ሌላው መውጣት አለበት። ስልኩን ስታሳያቸው አልገረማቸውም፤ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ይጠርጉ ጀመር። ከዓመት በላይ ሆኖታል አሏት። አንዳንድ ቀን የኔታ ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ እኛም እንመለሳለን። ማንም እንዲህ እናድርግ ብሎ አልተማከረም፤ ሁሉም ያደርገዋል። ዝማሬ ደሟ ፈላ። ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ እንዴት በቃ የኔታ አይልም አለች።

«ማን ይበል?» አሉ ቀኝ ጌታ። «ከዚያ ሰልፍ ውስጥ የእሳቸው ተማሪ ያልሆነ ማነው? እኔ በየኔታ ፊት ቀድሜ አፌን ከፍቼ አላውቅም። ቀድሜያቸውም አልዘጋም።»

እና እስከ መቼ ነው ብትላቸው፣ እስኪያቆሙ አሉ። ካላቆሙስ አለች። ቀኝ ጌታ ጧፉን ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደዚያው ማመላለስ ያዙ። ዝማሬ ጠዋት ለተማሪዎቿ ያሳየችው ማሽን ትዝ አላት፤ ያም ጥፋት አልነበረበትም። ልትወጣ ስትል ቀኝ ጌታ ፊታቸውን ሳያነሱ ተማሪያቸው ያልሆንሽ አንቺ ብቻ ነሽ አሏት። እውነት ነው። በልጅነቷ ከጓሮ ሆና የሰማችውን ዜማ ሁሉ ይዛ፣ እኔንም አስተምረኝ ብላ አልቅሳ ነበር። አባቷ ሴት ማኅሌት አትቆምም፣ ያንቺ አስኳላ ነው ብለው ደብተርና እርሳስ ገዝተው ሰደዷት። ይህን ለብዙ ዓመት ይቅር አላለቻቸውም። ዛሬ ከከተማው ሰው ሁሉ እሷን ብቻ ለመናገር ነፃ ያደረጋት ይኸው መከልከሏ መሆኑ ምራቋን አመረረው።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል ግድግዳ ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ሲሆን፣ ከመደቡ በላይ የአባቷ መቋሚያ፣ ጸናጽልና በላስቲክ የተሸፈነ ካባ ተሰቅለዋል። መሪጌታ ሐብተ ማርያም መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያይዋት ፊታቸው ፈካ። እናቷ እመት አመተ ሥላሴ የሽሮውን ድስት ይዘው ሲገቡ ምነው በዚህ ሰዓት ብለው ዓይኗን ፈለጉት፤ እሷ ደግሞ ዓይኗን ሸሸገች። እዚህ ቤት ነገር የሚነገረው በዓይን ነው፤ በአፍ የሚነገረው ብሉ፣ ጠጡና ደህና እደሩ ብቻ ነው። እጃቸውን ታጥበው እንጀራው እንደቀረበ አባቷ ዛሬ ምን አስተማርሽ ብለው ጠየቋት። በመጣች ቁጥር ይጠይቋታል፤ ባይገባቸውም ይሰሟታል። እሷም ስለ ሉፑ ነገረቻቸውና የሁለቱን ሽማግሌዎች ቀልድ ጨመረችላቸው። መሪጌታ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ታዲያ ትልቁ አይቀድምም እንዴ አሉ። እኩያ ቢሆኑስ አባባ ስትላቸው፣ ጎንደር ውስጥ እኩያ የሚባል ነገር የለም፣ ሲጠያየቁ በአንድ ወር እንኳ አንዱ ይበልጣል ብለው እንደገና ሳቁ። ዝማሬም ሳቀች። ለትንሽ ጊዜ ቪዲዮውም፣ ሱቁም፣ ስምንት ሰዓትም ጠፉላት።

እናቷ ወጥ ጨመሩ። መሪጌታ ውኃ ጠጡ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ወደ እሷ ዞረው ፊታቸው ፈካ። ዛሬ ምን አስተማርሽ አሏት።

ዝማሬ እናቷን ብታይ እናቷ ትሪውን እያዩ ነው፤ ትሪው ላይ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። ደግማ ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ሲደርሱ አባቷ እንደ መጀመሪያው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ ትልቁ አይቀድምም እንዴ አሉ፣ ጎንደር ውስጥ እኩያ የለም አሉ። ሳቃቸው የተደገመ ሳቅ አልነበረም፤ ፍጹም አዲስ ነበር። በዚህች ቅጽበት ዝማሬ አባቷን በሕይወቷ ሙሉ ወዳቸው ከምታውቀው በላይ ወደደቻቸው፤ ፈራችላቸውም።

ከምሳ በኋላ መሪጌታ ተነስተው ጥምጣማቸውን ይጠመጥሙ ጀመር። እጃቸው አልረሳም፤ ያለ መስታወት እጥፉን ከእጥፉ ያገጣጥሙታል። ዝማሬ ቁጭ በል አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይህ አለች። እናቷ ከበሩ ሆነው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እንዳታደርጊው ነው። አደረገችው። መሪጌታ ስልኩን በክንዳቸው ልክ አርቀው ይዘው፣ ዜማውን ሲሰሙ በእግራቸው መሬቱን ይመቱ ያዙ። ሸጋ ነው አሉ። ድምፁ ትንሽ ደክሟል እንጂ ሸጋ ነው። ወረቡ ሞቆ ሲያልቅ እግራቸው ቆመ፤ ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ሰውየው ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ምነው መለሰው?» አሉ።

ስልኩ ውስጥ ከበሮው ጠበቀ፣ ሞቀ፣ አለቀ። ሰውየው እንደገና ተመለሰ። መሪጌታ ስልኩን ይበልጥ አራቁት። ከጃንጥላው ጥላ የተነሣ ፊቱ አልታያቸውም፤ ወይም ታይቷቸው አላወቁትም። ከዜማው ሥር የሚስቁትን ልጆች ድምፅ ግን ሰሙ።

«ይህ ሰው ልጅ የለውም?» አሉ። «ሰው ሲስቅበት ምነው የሚነግረው አጣ?»

«ልጅ አለው አባባ» አለች ዝማሬ። «ሰውየው አንተ ነህ።»

መሪጌታ ስልኩን መደቡ ላይ አስቀመጡት። ቪዲዮው እዚያም ሆኖ ይዘምራል፤ እናቷ መጥተው ስልኩን ገለበጡት። መሪጌታ ተማሪዎቼስ አሉ። አብረውህ ተመለሱ አለቻቸው። ሁሉም ወይ አሉ። ሁሉም አለች። የዚያን ጊዜ አለቀሱ። በራሳቸው መርሳት አይደለም ያለቀሱት፤ እንዲህ አላስተማርኋቸውም እያሉ ነው። ሊቅ ቢሳሳት ተማሪው ያርመዋል፣ ዜማው ከሁላችንም ይበልጣል ብዬ አስተምሬአቸው ነበር፤ እነሱ ለካ እኔን ነው የተማሩት። ዝማሬ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጉልበታቸውን ይዛ አብራቸው አለቀሰች። እናቷ አላለቀሱም። ቆመው ያዩአቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ ይሁን ድካም ልጅቱ አላወቀችውም።

እንባቸውን ሲጨርሱ መሪጌታ መቋሚያዬንና ጸናጽሌን አምጪልኝ አሉ። እቀራለሁ አላሉም። ዝማሬ ክንዳቸውን ይዛ አብራቸው ሄደች። ሊቃውንቱ በቅኔ ማኅሌቱ ተሰብስበው ነበር፤ ደጁ ላይ ሰውአገኝና ጓደኞቹ ስልካቸውን ይዘው ተኮልኩለዋል። ልጁ ቲቸሩን ከሽማግሌው ክንድ ጋር ሲያይ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አገናኝቶ ፊቱ አመድ ሆነ። መሪጌታ በቀጥታ ወደ ቀኝ ጌታ ሄደው ጸናጽላቸውን እጃቸው ውስጥ አስገቡና ዛሬ አንተ ምራ፣ እኔ በአንተ ቦታ እቆማለሁ አሏቸው። ቀኝ ጌታ የኔታ እያሉ እኔ አላደርገውም ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ለምኜህ አይደለም አሉ መሪጌታ፣ አዝዤህ ነው። ቀኝ ጌታ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙና ጸናጽሉን ተቀበሉ። ዋዜማው ተቆመ። ድምፃቸው እንደ መምህራቸው አይደለም፤ የሚነሳው ግን በቦታው ተነሳ፣ የሚያልቀውም በቦታው አለቀ። መሪጌታ በቀኙ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ቆመው ሌላው እንደሚያደርገው ተቀበሉ። ሰውአገኝ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ጫማውን አውልቆ ከደጁ ውጭ ቆሞ ነበር። ዝማሬ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ አንድም ሰው ሳይደፍረው የኖረውን ነገር እኔ ደፍሬ አስቆምሁት ብላ ኮራች። ይህን ኩራቷን ማንም አይቆጣባት፤ ያን ሰዓት ይገባት ነበር።

ቤት ሲገቡ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላለች። መሪጌታ ደክሟቸው መደቡ ላይ ጋደም አሉ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዝማሬ ከእናቷ ጋር የነገውን የንግሥ ምስር ትለቅም ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ከፊተኛው ክፍል የእግር ኮቴ ተሰማ። መሪጌታ ተነስተው፣ ካባቸውን ከላስቲኩ አውጥተው፣ ጥምጣማቸውን ይጠመጥማሉ። ምነው ዝም አላችሁ፣ ሰዓት አልፏል አሉ። ዋዜማው መቆሚያው ደረሰ፤ ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል። ፊታቸው የእንባ ምልክት የለበትም። ከሰዓት በኋላ የሆነው ሁሉ አልሆነም።

ዝማሬ ምስር ያለበትን ሰፌድ እንደያዘች ቀረች። እናቷ ክንዷን ይዘው ወደ ጓዳው ሳቧት። ሰላሳ ዓመት ከመሪጌታ ጋር የኖሩት ሴት ያን ቀን የተናገሩት ከዚያ በፊት ያልተናገሩትን ሁሉ ያክላል። በዓቢይ ጾም ነግሬው ነበር አሏት። ከእኔ ሌላ ማን ይነግረዋል ብዬ ቁጭ አድርጌ ነገርሁት፤ ዛሬ እንዳለቀሰው አለቀሰ። በማግሥቱ ረስቶት ካባውን ለበሰ። ደግሜ ነገርሁት፤ እንደ አዲስ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን አፌ እምቢ አለኝ።

«መርዶ እንኳ የሚነገረው አንድ ቀን ነው» አሉ። «እሱን በየማለዳው እንዴት አድርጌ ላርዳው?»

ዝማሬ ከምሳ ጀምሮ እናቷን ፈሪ እያለች በልቧ ስትወቅሳቸው ነበር። አሁን ይቅርታ ልትጠይቃቸው እጃቸውን ስትይዝ ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ፤ ሁለቱም አላነሡትም። ከፊተኛው ክፍል መሪጌታ ዝማሬ፣ መቋሚያዬን ብለው ተጣሩ። እናቷ እኔ ልሂድ አሉ። አይ፣ እኔ ነኝ የጀመርሁት አለችና ገባች።

መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። እውነቱን እንደሆነ መንገር አለባት፤ ዋሽታ ቤት ልታስቀራቸው ሕሊናዋ አልፈቀደም። ግን ያንኑ እውነት ይዛ ሌላ በር ፈለገች።

«ዋዜማው ተቆሟል አባባ» አለች። «አሁን አለቀ።»

«ማን መራው?» ድምፃቸው ተቆጥቷል።

«ቀኝ ጌታ ገብረ ኢየሱስ።»

«ማን አዘዘው?»

«አንተ። ጸናጽሉን በእጅህ ሰጠኸው። እምቢ ቢልህ አዘዝኸው፤ ጉልበትህን ስሞ ተቀበለ።»

መሪጌታ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ የሰጡት ነገር ዱካ ያለበት ይመስል። ቁጣው ከፊታቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ሸጋ መራ ወይ አሉ። ሸጋ መራ አለች ዝማሬ፣ የሚነሳውን አነሳ፣ ሲያልቅ አቆመ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ነኝ ያስተማርሁት አሉ፤ ደስታቸው ሕፃን ያደርጋቸዋል። ጥምጣሙን ራሳቸው ፈትተው በእጇ ሰጧት። እሷም ጫፉን ከጫፉ እያገናኘች ማጠፍ ጀመረች። ውጭ የነገው ንግሥ ድምፅ ማጉያ ይሞከራል፤ አንድ ሰው ሄሎ ሄሎ ይላል።

አጥፋ ሳትጨርስ አባቷ ዘወር ብለው ባዶ ራሳቸውን ዳሰሱ።

«ምነው ተቀመጥን ዝማሬ?» አሉ። «ጥምጣሜን አምጪ እንጂ። ዋዜማው መቆሚያው ደረሰ።»

እናቷ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ነበር። ዝማሬ በዚህ ጊዜ ወደ እሳቸው አላየችም። ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የአባቷን እጅ ያዘች፤ ገና አሁን የሰማችውን የምሥራች ይዛ እንደገባች አድርጋ፣ ፊቷን አፍክታ፣ ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።